የግዥ ክፍል ሥራ በርካሽ ዋጋ ብቻ አይመዘንም

በአዊ ደጋ ለሚያርስ ገበሬ የዘገየ ማዳበሪያ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልግም። ከግንቦት እስከ ሐምሌ በቆሎው፣ ገብሱ፣ ስንዴውና ጤፉ በየተራ ይዘራል፤ ከዘሩ ጋራ አብሮ መሬት መግባት የሚገባው ማዳበሪያ ዘሩ ከበቀለ በኋላ የመጣ እንደ ሆነ፣ የተገዛበት ዋጋ እጅግ የረከሰ ቢሆን እንኳ፣ ለዚያ ዓመት አዝመራ የሚሰጠው ጥቅም በጣም ያነሰ ነው። ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ከውጭ አገር ታስመጣለች። ግዥውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በዓለም አቀፍ ጨረታ ይፈጽማል፤ ዕቃውም ጂቡቲ ወደብ ከተራገፈ በኋላ ወደ አገር ውስጥ ተጓጉዞ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ለገበሬው ይታደላል። በ2015 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ በአማራ ክልል ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ ብርቱ ቅሬታ ተነሥቶ እንደ ነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «በስንት ተገዛ?» ሳይሆን «መቼ ይደርሳል?» የሚለው ነበር።

ይህን የመሰለው ነገር በመንግሥት ግዥ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዳንግላ ደግሞ ከእርስዋ በስተ ሰሜን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከመርካቶ የተገዛ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሳሙናም ሆነ ዘይት ከሁለቱ ከተሞች የሚደርሰው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ ነው። ከባሕር ማዶ የታዘዘውማ ገና ከጂቡቲ ተነሥቶ የጉምሩክን ሥርዐት ይፈጽማል። እንጅባራ ላይ መንገዱ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል ስለሚገነጠል፣ የእንጅባራ ጅምላ ሻጭ ዕቃ የዘገየበት እንደ ሆነ በስተ ምዕራብ ያሉት ባለሱቆችም አብረው ባዶ መደርደሪያ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ከገበያው ምንጭ ይህን ያህል ርቆ ለሚነግድ ሰው የግዥ ክፍሉ ደኅና መሥራት አለመሥራቱን አጥርቶ ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቹ የንግድ ቤቶች የግዥ ሠራተኛቸውን የሚመዝኑበት ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም «ስንት አስቀነሰ?» የሚለው ነው። ሠራተኛው ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ከመረጠ፣ ከዚያም ላይ በክርክር ጥቂት ካስወረደ፣ ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ይቆጠርለታል። ነገር ግን ይህን መለኪያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ገዥው ለባለቤቱ «ይህን ያህል አስቀነስኩ» ብሎ ማሳየት እንዳለበት የተረዳ ሻጭ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ይጠራና በኋላ ይቀንስለታል፤ ሁለቱም ደስ ብሎአቸው ይለያያሉ፤ ባለቤቱም ያልተቆረጠ ዋጋ እንደ ተቆረጠ አድርጎ በመዝገቡ ይጽፋል። ስለዚህ ተቀነሰ የሚባለው ገንዘብ ከመጀመሪያው ጥሪ ሳይሆን፣ በዚያው ሳምንት ሌሎች ነጋዴዎች ለተመሳሳዩ ዕቃ ከከፈሉት ዋጋ ጋራ ተመዛዝኖ ሊታይ ይገባል። በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ገበያ ይህን ማጣራት አስቸጋሪ አይሆንም፤ ጎረቤት ባለሱቅ ምን እንዳመጣና በስንት እንዳመጣ ሳይሰማ የሚውል ነጋዴ ጥቂት ነውና።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ዋጋዎቹ ለሒሳቡ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ የቤት ሥራ በሚጀመርበት በጥቅምት አንድ የዳንግላ ነጋዴ 1,000 ቆርቆሮ ይፈልጋል እንበል። አንደኛው ሻጭ እያንዳንዱን ቆርቆሮ በ800 ብር፣ ዳንግላ መጋዘን ድረስ አድርሶ፣ በ6 ቀን ውስጥ፣ በ30 ቀን ዱቤ ለመስጠት ይስማማል። ሁለተኛው ሻጭ 770 ብር ይጠይቃል፤ ነገር ግን ገንዘቡን በቅድሚያ ይፈልጋል፤ ዕቃውን የሚያስረክበውም አዲስ አበባ ላይ ነው። የግዥ ሠራተኛው ሁለተኛውን መርጦ «30,000 ብር አተረፍኩ» የሚል ወረቀት ያቀርባል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይህ ነው። ለካሚዮን ኪራይና ለጫኝና አውራጅ በአንድ ቆርቆሮ 28 ብር ይወጣል። በመንገድ የተጣመሙ 40 ቆርቆሮዎች እያንዳንዳቸው በ200 ብር ቅናሽ ስለሚሸጡ 8,000 ብር ይጎድላል፤ ይህም ለሺው ቆርቆሮ ሲካፈል 8 ብር ነው። እንግዲህ 770 ሲባል የነበረው ዋጋ መጋዘን ሲደርስ 806 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ይኸውም ከአንደኛው ሻጭ በ6 ብር ይበልጣል፤ በሺው ላይ 6,000 ብር። ካሚዮኑ የደረሰውም በ20ኛው ቀን ነው እንበል። ሱቁ በቀን 30 ቆርቆሮ የሚሸጥና ከእያንዳንዱ 50 ብር የሚያተርፍ ከሆነ፣ በ14ቱ የባከኑ ቀኖች ከመጡት ገዥዎች ግማሾቹ ብቻ ወደ ሌላ ሱቅ ቢሄዱ እንኳ 10,500 ብር ትርፍ ቀርቶአል። በተጨማሪም 770,000 ብር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከካዝና ወጥቶአል፤ ባንኩ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የሚያስከፍል ቢሆን የወሩ ወለድ 11,550 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር 28,050 ብር ጠፍቶአል። በሠራተኛው ወረቀት ላይ ግን አሁንም 30,000 ብር ትርፍ ተጽፎ ይገኛል።

በዚህ ምሳሌ ሠራተኛው አልሰረቀም፤ አላታለለምም። የታዘዘውን ፈጽሞአል። ጥፋቱ ያለው በመለኪያው ላይ ነው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የባቡር ኩባንያ ባለሥልጣን የነበረው ማርሻል ኪርክማን ስለ ባቡር መንገድ ዕቃዎች ግዥና አያያዝ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ሐዋርድ ሉዊስና ሁለት ጓደኞቹ ስለ አውሮፕላን ጭነት ባሳተሙት ጥናት፣ የማጓጓዣው ኪራይ ብቻውን ሳይሆን መጋዘኑም፣ ዕቃው የሚቀመጥበት ጊዜም፣ የታሰረው ገንዘብም ተደምሮ መታየት እንዳለበት አስረዱ። በአውሮፕላን መላክ ውድ መስሎ ሳለ በጠቅላላው ሒሳብ የሚረክስበት ጊዜ አለ ማለታቸው ነው። የዳንግላው ቆርቆሮ ሒሳብም ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ከዋጋው ቀጥሎ የሚለካው ጊዜ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት አራት ቀኖች ናቸው፤ ሱቁ ወይም መጋዘኑ ዕቃ የጠየቀበት ቀን፣ ማዘዣው ለሻጩ የተሰጠበት ቀን፣ ዕቃው የደረሰበት ቀን፣ እንዲሁም ሒሳቡ የተከፈለበት ቀን። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ የገዥውንና የባለቤቱን ትጋት ይናገራል። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ያለው ስለ ሻጩና ስለ መንገዱ ይመሰክራል። ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ያለው የገንዘብ ያዡ ነው። እነዚህ ሦስቱ ተለያይተው ያልተጻፉ እንደ ሆነ የዘገየው ሁሉ በግዥ ሠራተኛው ራስ ላይ ይወድቃል። በተግባር ግን አያሌ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነው፤ የግዥ ጥያቄው በባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ አሥር ቀን ይሰነብታል፤ ከዚያ ሻጩ በሦስት ቀን እንዲያደርስ ይጣደፋል፤ የተጣደፈ ገዥ ደግሞ ስለ ዋጋ የሚከራከርበት ጊዜ የለውም። ሒሳቡን እያዘገየ የሚከፍል ደንበኛም ዕቃ ባነሰ ጊዜ ከተራው መጨረሻ እንደሚመደብ የታወቀ ነው፤ ይህንንም የግዥ ሠራተኛው ሊያስተካክለው አይችልም።

ዕቃው በሰዓቱ ደረሰ የሚባለው በማዘዣው ላይ በተጻፈው ቀን የደረሰ እንደ ሆነ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማምለጫ አለ። ሻጩ ይዘገያል፤ ገዥው በስልክ «እሺ፣ እስከ ሰኞ» ይለዋል፤ ሰኞ ሲደርስ በመዝገቡ «በቀጠሮው ደርሶአል» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ሳይሰረዝ መቀመጥ አለበት። ደግሞም «ደረሰ» ማለት በሙሉ ደረሰ ማለት ነው፤ ከመቶ ካርቶን 95 ብቻ መጥቶ 5ቱ «በሚቀጥለው መኪና» ከተባለ ማዘዣው ገና አልተፈጸመም። በሦስት ወር ከተሰጡት 12 ማዘዣዎች 9ኙ በቀኑና በሙሉ የደረሱ ቢሆን ውጤቱ 75 በመቶ ነው። ዋልማርት የተባለው ታላቁ የአሜሪካ ቸርቻሪ እ.ኤ.አ. በ2017 በተወሰነው ቀን በሙሉ ያላደረሱለትን አቅራቢዎች ከዕቃው ዋጋ 3 በመቶ መቅጣት ጀምሮ ነበር። የዳንግላ ባለሱቅ እንዲህ ያለ ቅጣት ለመጣል አቅም አይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቀጥለውን ማዘዣ ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ ይችላል፤ ለመምረጥም ማን እንደ ዘገየበት በጽሑፍ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ስለ ጥራትና ስለ ልክ የአዊ ነጋዴ ከራሱ አገር የሚማረው ምሳሌ አለ። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዓይነት በእርሻቸው ላይ ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ሰብል ይዘራል፤ ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫናል። ከሰሉ የሚሸጠው በጆንያ ነው። ጆንያ ግን ሚዛን አይደለም፤ አንዱ ጆንያ ጠብቆ የተሞላ፣ ሌላው ላላ ያለ፣ አንዱ ደረቅ፣ ሌላው ዝናብ የነካው ይሆናል። ገዥው የሚመዘነው «በወር ስንት ጆንያ ሰበሰበ» ተብሎ የሆነ እንደ ሆነ ጆንያዎቹ ይበዛሉ እንጂ ከሰሉ አይበዛም። ከመቶው ጆንያ አሥሩን ያህል እንደ ደረሰው አንሥቶ በሚዛን ማየትና የአንዱን ኪሎ ዋጋ ማስላት ብዙ ድካም አይጠይቅም። ድንችም በርበሬም በኩንታል ስም በሚሸጥበት ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። በነገራችን ላይ በቅርብ ዓመታት በዲከረንስ ዛፍ ላይ በሽታ መነሣቱ ለከሰል ገዥዎች ሌላ ትምህርት ሰጥቶአል፤ ዕቃውን ሁሉ ከአንድ ቀበሌ ወይም ከአንድ ሻጭ የሚያመጣ የግዥ ክፍል ዛሬ በርካሽ ቢገዛ እንኳ ነገ የሚገዛው ሊያጣ ይችላል። ከጠቅላላው ግዥ ምን ያህሉ ከአንድ ሰው እጅ እንደሚመጣ በመቶ ቤት ማወቅ ከመለኪያዎቹ አንዱ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አስመጪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳቱት የዘንድሮን ዋጋ ከአምና ጋራ በብር ሲያስተያዩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሰኔ ያዘዘው ገዥ ብልህ፣ በነሐሴ ያዘዘው ሰነፍ ተብሎ ቢፈረድ ፍርዱ ትክክል አይሆንም፤ ሁለቱንም የለየው የቀን መቁጠሪያው ነው። ስለዚህ አስመጪው የግዥ ክፍሉን ሲመዝን ዋጋውን ከፋፍሎ ማየት አለበት፤ በውጭ አገር ወደብ ላይ በዶላር የተከፈለው ለብቻ፣ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ለብቻ፣ የወደብና የመጋዘን ክፍያ ለብቻ፣ ቀረጡ ለብቻ፣ የአገር ውስጥ ማጓጓዣው ለብቻ። ከነዚህ ውስጥ ገዥው በእጁ የሚያዝበት የፊተኛውና በከፊልም ሁለተኛው ነው። የወደቡ ክፍያ የጨመረ እንደ ሆነ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሰነዱ በጊዜው ተልኮአልን? የባንኩ ወረቀት ዘግይቶአልን? ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር የሚቆጠረው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ ይህ ጥያቄ በየጊዜው መጠየቅ ይገባዋል።

ላኪዎችም የራሳቸው ፈተና ነበረባቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚያ የሚሸጡ እንደ ቡናና ሰሊጥ ያሉ ምርቶች የዕለት ዋጋ በይፋ ይታወቃል፤ የላኪ ገዥ በዚያ ቀን ከተሸጠበት ዋጋ በላይ ወይም በታች መግዛቱን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል። ሆኖም ዶላር ብርቅ በነበረባቸው ዓመታት አንዳንድ ላኪዎች በውጭ ገበያ ከሚያገኙት ዋጋ በላይ እየከፈሉ ምርት ይገዙ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ኪሳራውን ባገኙት ዶላር ዕቃ አስመጥተው ይተኩታልና። እንዲህ ባለ ቤት የግዥ ክፍሉ ብቻውን ቢመዘን ከሳሪ ይባል ነበር፤ የቤቱ ሒሳብ በሙሉ ሲታይ ግን ሌላ ነበር። ዛሬ ያ ምክንያት ስለ ላላ፣ በድሮው ልማድ ከገበያው በላይ የሚገዛ ሰው ካለ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ታማኝነት ሳይነገር ይህ ጉዳይ ሊታለፍ አይችልም። በብዙ የአዊ ንግድ ቤቶች «የግዥ ክፍል» የሚባለው አንድ ወንድም፣ አንድ ልጅ፣ ወይም ለብዙ ዘመን የታመነ አንድ ሠራተኛ ነው፤ ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ገዝቶ ይመለሳል። ስለ እርሱ ሁልጊዜ ይታማል፤ ከሻጭ ኮሚሲዮን ይቀበላል፣ ከደላላ ጋራ ይካፈላል ይባላል። ሐሜቱ እውነት በሆነ ጊዜ ባለቤቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሐሰት በሆነ ጊዜም ሠራተኛው ራሱን የሚያጠራበት ወረቀት የለውም። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትልቅ ግዥ ስንት ሻጭ እንደ ተጠየቀ፣ እያንዳንዱ ምን እንዳለ፣ ለምን አንዱ እንደ ተመረጠ በሁለት መስመር መጻፍ። ውዱን የመረጠ ሰው «ቶሎ ስለሚያደርስ» ብሎ ጽፎ ዕቃው በእርግጥ ቶሎ ከደረሰ ምርጫው ተመስክሮለታል። ደረሰኝ የሌለው ርካሽ ግዥም በዚሁ ይጋለጣል፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ግብር በሚሰላበት ጊዜ እንደ ወጪ ስለማይያዝ፣ የቀነሰ የመሰለው ዋጋ በዓመቱ መጨረሻ ይመለሳል።

መንግሥት ለራሱ ግዥ ያወጣው ሥርዐት ለነጋዴውም የሚጠቅም ነገር አለው። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ቆይቶም እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ያዘጋጃሉ። በዕቅድ የተገዛና በድንገት የተገዛ ዕቃ ሲነጻጸሩ የግዥ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን የጠያቂው ክፍል አሠራርም ይታያል፤ በግል ድርጅትም ከመቶው ግዥ ስንቱ የ«ነገ ይድረስ» ግዥ እንደ ሆነ መቁጠር ብዙ ነገር ይገልጣል። ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ለሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ የሚያቀርብ የከተማው ነጋዴ ደግሞ እርሱ ራሱ በዚሁ ሚዛን እንደሚታይ ሊያስብ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ለመያዝ ኮምፒዩተር ያለው ቢጠቀምበት መልካም ነው፤ የሌለው አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃዋል። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ማዘዣ ይጻፋል፤ አራቱ ቀኖች፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ፣ የታዘዘውና የደረሰው ልክ፣ የተመለሰ ወይም የተበላሸ ዕቃ፣ መጋዘን እስኪደርስ የወጣው ጠቅላላ ዋጋ፣ የዕለቱ የገበያ ዋጋ። ደብተሩን የሚጽፈው ገዥው ራሱ ባይሆን ይመረጣል፤ ዕቃውን የሚረከበው መጋዘን ጠባቂ ቀኑንና ልኩን ቢጽፍ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ዋጋውን ቢሞላ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ለምስማርና ለክብሪት ይህን ያህል መድከም አያሻም፤ ከግዥው ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስዱትን አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓይነት ዕቃዎች መከታተል ይበቃል። የመጀመሪያው የሦስት ወር ቁጥር ሲወጣ በማንም ላይ እንዳይፈረድበት ይሁን፤ የሚያገለግለው የሚቀጥለው ሦስት ወር የሚታይበት መነሻ እንዲሆን ነው። የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ደብተሩን በነሐሴ ቢከፍት የጥቅምት ማዘዣው ሳያመልጠው ይመዘገብለታል።